ዳማ ከሴና ትኩሳት፦ ቅጠሉ የሚችለውና የማይችለው

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የቀበሌ ግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)







በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ በቆሎና ስለ በርበሬ ገበያ ነው። እኔም በዲፕሎማ የተመረቅሁት በግብርና ስለሆነ ስለ በቆሎ ተናገር ብባል ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው የመሠረታዊ ማኅበራት የምክክር ስብሰባ ላይ አንድ አባታችን ተነሥተው የሚከተለውን ጠየቁ። «ዳማ ከሴ በየጓሯችን አለ። ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም ፍቱን ነው። ታዲያ ዩኒየኑ አድርቆና አሽጎ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ነው ብሎ ለምን አይሸጥልንም?» ቤቱ አጨበጨበ። ወዲያው ደግሞ «የግብርናው ልጅ አጣርቶ ይንገረን» ተባለ። ዛሬ ያንን ዕዳ ልከፍል ነው የቆምኩት። መልሴ አጭር አይደለም፤ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ምች ሲመታ

ስለ ዳማ ከሴ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት ለቀባሪው እንደማርዳት ነው። በጤፍ አረም ወይም በበርበሬ ኩትኳቶ ላይ በፀሐይ የዋለ ሰው ማታ ራሱን ሲፈልጠው፣ ከንፈሩ ሲቆስል፣ ገላው እንደ ምጣድ ሲግል «ምች መታው» እንላለን። እናት ከጓሮ ቅጠሉን ትቀነጥሳለች፤ በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን በቡና ታጠጣዋለች፤ የተረፈውን ግንባሩን ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች። በሽተኛው ተሸፋፍኖ ይተኛል፤ ያልበዋል፤ ሲነጋ ቀለል ይለዋል። ተክሉ የበሶብላ ወገን ነው። በሳይንሱ መጠሪያ ኦሲመም ላሚፎሊየም ይባላል። ሁላችንም በዚህ ቅጠል ነው ያደግነው፤ እኔም እንደዚያው።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ቅጠል ስናገር በራሴ ላይ የደረሰውን መደበቅ አልችልም። ከሦስት ዓመት በፊት ከብር ወንዝ ሸለቆ አቅራቢያ ባለ ቆላማ ቀበሌ ተመድቤ ስሠራ በጥቅምት ወር ትኩሳት ያዘኝ። አከራዬን እማማ ነው የምላቸው፤ እንደ ልጃቸው ያዩኛል። ቅጠሉን ጨምቀው በቡና ሰጡኝ። ሌሊቱን አላበኝ፤ ጠዋት ቀለለኝ። ተነሥቼ ወደ ማሳ ሄድኩ። ማታ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ እማማም እንደገና ጨመቁልኝ፤ እንደገና ቀለለኝ። በሦስተኛው ቀን በአንድ አርሶ አደር የበቆሎ ማሳ ዳር ወደቅሁ። በቃሬዛ ጤና ኬላ አደረሱኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቴን ወግታ ደሜን መረመረች፤ ወባ ነበር፤ ያውም ፋልሲፓረም የሚባለውና የሚገድለው ዓይነት።

እማማ አልጋዬ ሥር ተቀምጠው «ልጄን በእጄ ልገድለው ነበር» እያሉ ሲያለቅሱ፣ እኔ ግን ያፈርኩት በራሴ ነው። አርሶ አደሩን «ተባዩ ሳይለይ መድኃኒት አትርጭ» እያልኩ የማስተምር ሰው፣ በሽታዬ ሳይለይ ሦስት ቀን ቅጠል እየጠጣሁ ዋልኩ። እርሳቸውም ቅጠሉም ጥፋት የለባቸውም። ከቅጠሉ ያልተሰጠውን ሥራ የጠበቅሁት እኔ ነኝ።

ማነጻጸሪያ የሌለው ማሳ

ከዳንኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አእምሮዬን ያዘው። ያን ሌሊት ትኩሳቱን ያበረደልኝ በእርግጥ ዳማ ከሴው ነበርን? ወባ በባሕርዩ ያንቀጠቅጣል፣ ያግላል፣ ያልባል፣ ከዚያም ጋብ ይላል፤ ቆይቶ ይመለሳል። ምንም ሳልጠጣ ብተኛ ኖሮም ጠዋት ሊቀለኝ ይችል ነበር። እንዴት እናውቃለን?

መልሱ በየአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላችን አለ። አዲስ የበቆሎ ዘር ሲመጣ ዘሩን ብቻ ዘርተን «እዩት፣ አማረ» አንልም። ዝናቡ ያማረ ዓመት ቢሆንስ? አፈሩ ቀድሞውንም ለም ቢሆንስ? ስለዚህ ጎን ለጎን መደብ እናወጣለን፤ በአንዱ የነበረውን ዘር፣ በሌላው አዲሱን ዘር በአንድ ቀን፣ በአንድ አፈር ላይ እንዘራለን። ልዩነቱ የሚታየው ማነጻጸሪያው አጠገቡ ሲኖር ብቻ ነው። የመድኃኒት ተክል ምርመራም ከዚህ የተለየ አይደለም። ምሁራን በላቦራቶሪ የሚሠሩትን ሳነብ የሠርቶ ማሳያ ማሳችን ነው ትዝ ያለኝ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ተክሉ ከነቅጠሉና ከነአበባው ተቆርጦ ማንነቱ በዕፅዋት አዋቂ ይረጋገጣል፤ ናሙናውም ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ይቀመጣል። አንድ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት ተክል ሊሆን ስለሚችል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጣራል፤ ፈሳሹ ተንኖ ጥሩሩ ብቻ ይቀራል።

ቀጥሎ አይጦች በምድብ ይከፈላሉ። ለአንደኛው ምድብ ውሃ ብቻ፣ ለሁለተኛው እንደ አስፕሪን ያለ የታወቀ መድኃኒት፣ ለቀሩት ደግሞ የተክሉ ጥሩር በትንሽ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ መጠን ይሰጣል። ውሃ የተሰጠው ምድብ የእኛ ማነጻጸሪያ መደብ መሆኑ ነው።

ሕመምን ለመለካት ሁለት መንገዶች የተለመዱ ናቸው። አንደኛው 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ገበታ ላይ አይጧን አስቀምጦ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ስንት ሰከንድ እንደምትቆይ መቁጠር ነው፤ ጉዳት ሳይደርስባት በተወሰነ ሰከንድ ትነሣለች። ሁለተኛው ጥቂት የኮምጣጤ አሲድ በሆዷ ተወግቶ ስንት ጊዜ እንደምትኮማተር መቁጠር ነው። የመጀመሪያው መድኃኒቱ በአንጎልና በአከርካሪ በኩል መሥራቱን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕመሙ ከተነሣበት ቦታ ላይ መሥራቱን ይጠቁማል። ለእብጠት ከባሕር አረም የሚገኝ ካራጂናን የሚባል ነገር በአይጥ መዳፍ ሥር ይወጋል፤ መዳፉ ያብጣል፤ እብጠቱ በየሰዓቱ ይለካል። ለትኩሳት ደግሞ እርሾ ተወግቶ የሰውነቷ ሙቀት ከፍ እንዲል ይደረግና መድኃኒቱ ምን ያህል እንዳወረደው ይታያል።

የዳማ ከሴው ውጤት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፕሮፌሰር ኢያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም መካከል በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ ዳማ ከሴንና አንድ የቅርብ ዘመዱን በዚህ መንገድ መርምረዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በሳይንስ መጽሔቶች ታትሟል። የቅጠሉ ጥሩር በውሃም በአልኮልም ተዘጋጅቶ ለአይጦች ሲሰጥ ትኩሳታቸውን ያወርዳል፤ የሕመም ምልክታቸውንም ይቀንሳል።

ሌላም ልጨምር። ለኪንታሮትና ለቁስል የሚያገለግለው እጉግ የተባለው ተክል በፕሮፌሰር ቃለአብ አሥራትና ባልደረቦቻቸው ተመርምሮ የአይጥ መዳፍ እብጠትን እንደሚቀንስ ታይቷል። እነርሱ እብጠት ይቀንሳል ብለው ብቻ አላቆሙም፤ በተክሉ ውስጥ ያለውን አንዱን ንጥረ ነገር ለይተው አውጥተው ብቻውን ፈትነውታል።

እናቶች ሆይ፣ ይህ ለእናንተ ክብር ነው። ሚዛንና ቴርሞሜትር ሳይኖራችሁ በትዝብት ብቻ ያቆያችሁት ዕውቀት በላቦራቶሪ ሲመዘን ሜዳ ላይ አልቀረም። «የባላገር ወሬ ነው» ብሎ የሚንቅ ሰው ቢመጣ መልስ አላችሁ።

ነገር ግን የተጻፈውን ያህል ያልተጻፈውንም ማንበብ ይገባል። አንደኛ፣ የተፈተኑት አይጦች ናቸው። አንዲት የላቦራቶሪ አይጥ ከ20 እስከ 30 ግራም ብትመዝን ነው፤ የእርሷን መጠን በሰው ኪሎ አባዝቶ መስጠት አይቻልም። ሁለተኛ፣ የተሰጣቸው የደረቀ ቅጠል ጥሩር ነው፤ እኛ የምንጠጣው እርጥብ ቅጠል ታሽቶ የወጣ ጭማቂ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ብለን መናገር አንችልም። ሦስተኛ፣ የእማማ እፍኝና የሌላዋ እናት እፍኝ እኩል አይደለም። ኮሶን አስታውሱ፤ ትሉን የሚያወጣው ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ሰውን እንደሚጎዳ አያቶቻችን ያውቁ ነበር። አራተኛ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ከሱቅ ገዝቶ ዲክሎፌናክ ለሚውጥ ሰው ተደርቦ ሲሰጥ ምን ያደርጋል የሚለው በዚህ ዓይነት የአይጥ ሙከራ አይመለስም።

አምስተኛውና ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው፦ ትኩሳትን ማውረድና በሽታን ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በእርሾ ትኩሳት የያዛት አይጥ በደሟ ውስጥ የወባ ተውሳክ የለም። ጥናቱ «ትኩሳት ያወርዳል» አለ እንጂ «ወባ ይገድላል» አላለም።

የአኻያው ታሪክ

ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየወንዛችን ዳር የሚበቅለውን አኻያ ታውቁታላችሁ። የእርሱ ዘመዶች በአውሮፓ ወንዞች ዳርም ይበቅላሉ። እ.ኤ.አ. በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የሚባሉ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያ ቅርፊት አድርቀውና ፈጭተው የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ለያዛቸው 50 ያህል ሰዎች እንደሰጡና እንደተሻላቸው ለሀገራቸው የሳይንስ ማኅበር ጻፉ። ከእነዚያ ትኩሳቶች ብዙዎቹ ወባ እንደነበሩ ይታመናል። ቄሱ መድኃኒቱን ያገኙ መስሏቸው ነበር። በእርግጥም አንድ ትልቅ ነገር አግኝተዋል፤ ያገኙት ግን የትኩሳትና የሕመም ማስታገሻ እንጂ የወባ መድኃኒት አልነበረም።

ከአኻያ የተገኘው ንጥረ ነገር ጨጓራ ስለሚያቃጥል ኬሚስቶች አሻሻሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ዛሬ አስፕሪን የምንለው ተሠራ። እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ጆን ቬን የተባሉት ሳይንቲስት አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉትን እብጠት፣ ሕመምና ትኩሳት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ እንደሚያግድ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከቄሱ ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ 208 ዓመት ሆነ ማለት ነው። አስፕሪን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞም እንኳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሕፃናት አይሰጥም፤ ጨጓራም ሊያደማ ይችላል።

እውነተኛው የወባ መድኃኒትም ከቅጠል መጥቷል። ጤና ኬላ ላይ የተሰጠኝ ኮአርተም ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ከቻይና የባህል መድኃኒት ተክል የተገኘ ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ ጥንታዊ የመድኃኒት መጽሐፍ ሲመረምሩ ተክሉ በውሃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ አነበቡ፤ ሙቀት ፍቱንነቱን እንደሚያጠፋ ገመቱ፤ በዝቅተኛ ሙቀት ሲያወጡት እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጥና በዝንጀሮ ወባ ላይ ሠራላቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ። እዚህ ላይ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፣ አዘገጃጀት ትንሽ ነገር አይደለም፤ እናቶች «በእጅ ይታሽ እንጂ አይቀቀል» ሲሉ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። ሁለተኛው፣ የባህል መድኃኒትና የጤና ኬላው ጽላት ጠላቶች አይደሉም፤ ጽላቱ ተፈትኖ ያለፈ ቅጠል ሊሆን ይችላል።

ለተጠየቅሁት ጥያቄ መልስ

እንግዲህ ለዚያ አባታችን መልሴ ይህ ነው። አባባ፣ ዳማ ከሴ ፍቱን ነው ያሉት ባዶ ወሬ አይደለም። ቢሆንም ዩኒየናችን «የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት» ብሎ አሽጎ እንዳይሸጠው ነው የምመክረው።

ምክንያቴ ሕግ ብቻ አይደለም። እርግጥ ነው፣ መድኃኒት ነው ብሎ ለመሸጥ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልጋል። ዋናው ምክንያት ግን ሰው ነው። የዩኒየናችን ማኅተም ያለበት ዘር ከረጢት ሲደርሳችሁ ሳትጠራጠሩ ትዘራላችሁ፤ ይህን አመኔታ በብዙ ዓመት ነው ያገኘነው። ያው ማኅተም በዳማ ከሴ ከረጢት ላይ ቢያርፍ በቆላ ቀበሌ ያለች እናት ልጇ ሲግል ከጤና ኬላው ይልቅ ከረጢቱን ልታምን ትችላለች። እኔ ጉልበት ያለኝ ጎልማሳ ሆኜ በሦስተኛው ቀን ወደቅሁ። አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሦስት ቀን ላያገኝ ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ትኩሳት የሚያበርድ ቅጠልም ሳናውቀው በሽታ ሊደብቅብን ይችላል።

ታዲያ ምንም አንሥራ ማለቴ ነውን? አይደለም። ሦስት ነገሮችን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየማሠልጠኛ ማዕከላችን ግቢ አንዳንድ መደብ ለመድኃኒት ተክሎች እንስጥ። ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም፣ እጉግና ሌሎችም በስማቸው ምልክት ተደርጎባቸው ይተከሉ። ጓሮው ሁሉ ወደ ባሕር ዛፍ ሲለወጥ፣ ጸረ አረሙም በየድንበሩ ሲረጭ ተክሉ ቢጠፋ፣ ዕውቀቱ ብቻውን አይጠቅመንም። ይህን ሥራ እኔና ባልደረቦቼ በእጃችን እንጀምረዋለን።

ሁለተኛ፣ ዕውቀቱ ይመዝገብ፤ ባለቤቱም ይታወቅ። የትኛው ቅጠል፣ በየትኛው ወቅት ተቆርጦ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለማን ይሰጣል፣ ለማንስ ይከለከላል? ይህ የሚጻፈው እናቶችና አዋቂዎች ፈቅደው ሲናገሩ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ማኅበረሰቡ መሆኑን፣ ያለ ፈቃዱ ሊወሰድ እንደማይገባና ከጥቅሙም ተካፋይ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ተመራማሪ ሲመጣ በር አንዝጋ፤ ነገር ግን በወረቀት ውል እንቀበለው። ይህን ለማድረግ ከተበታተነ አርሶ አደር ይልቅ ዩኒየን አቅም አለው። የወረዳና የዞን ኃላፊዎችም በዚህ በኩል እንድታግዙን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ በየቤታችን አንድ ሥርዓት ይኑረን። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው የወባ ወቅት፣ ገላው የጋለ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ጣቱ ተወግቶ ይመርመር። እናት ቅጠሉን ከቀነጠሰች ትቀንጥስ፤ ነገር ግን ቅጠሉ የምርመራው ምትክ አይሁን። ለጤና ኬላዋ ልጅም «ይህን ያህል ዳማ ከሴ ጠጥቷል» ብላ ሳታፍር ትንገራት። የጤና ባለሙያዎችም ይህን የምትል እናት ስትመጣ እንዳትቆጧት እለምናለሁ። የተቆጧት እናት ሁለተኛ አትናገርም፤ ቅጠሉን ግን አትተውም።

ክቡራትና ክቡራን፣

አከራዬ እማማ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ነግረውኛልና አልጠራም። ከዚያ ከታመምኩ በኋላ ዳማ ከሴውን ከጓሯቸው ነቅለው ሊጥሉት ነበር። «ተዉት እማማ» ብዬ ለመንኳቸው። አሁንም አለ። ራሴን ሲያመኝ ዛሬም በቡና ይጨምቁልኛል፤ ትኩሳት ካለኝ ግን ቅጠሉን ከመቀንጠሳቸው በፊት ነጠላቸውን አጣፍተው «ተነሥ፣ ጤና ኬላ እንሂድ» ይሉኛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት እርሳቸው በራሳቸው መንገድ ጨርሰውታል፤ «ቅጠሉን በአንድ እጅህ ያዝ፣ በሌላው ጣትህን አስወጋ» ይላሉ።

ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ የለኝም። መልካም በዓል ይሁንልን።